የቶም ጩኸት የማን ነው?

ሰላም ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ እንግዳ የለም ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ ምን እንደነካኝ እንጃ የድሮ ካርቱን እየከፈትኩ ነው የማመሸው፣ እና ከስዕሉ ይልቅ ድምፁ ይዞኝ ሄደ፣ እሱን ላውራችሁ።

ቶምና ጄሪን የማያውቅ አለ? እኛ ቤት ቲቪ ላይ ሲመጣ አያቴ ሳትቀር ነበር የምትስቀው፣ እንግሊዝኛ አይጠይቅማ፣ ድመቱ ያሳድዳል አይጡ ያመልጣል ውሻው ይደበድባል አለቀ። ስለዚህ ሰው የማያወራበት ካርቱን ብዬ ነው ያደግኩት። ግን እስቲ አስቡት፣ ቶም ጅራቱ ሲቃጠል ወይ ጣቱ በር ውስጥ ሲቀር የሚለቃት ያቺ ጩኸት... ጆሯችሁ ላይ መጣች አይደል? የዊሊያም ሃና ጩኸት ናት። ሃና ማለት ከጆሴፍ ባርቤራ ጋር ሆኖ በፈረንጆቹ 1940 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ኤምጂኤም ስቱዲዮ ውስጥ ቶምና ጄሪን የፈጠረው ሰውዬ ነው፣ ዳይሬክተሩ ራሱ ማይክ ፊት ቆሞ ጮኸ በቃ። በዚህ ካርቱን 7 ኦስካር ወስደዋል፣ ስለዚህ ኦስካር ያለው ጩኸት ነው የምንሰማው። ደግሞ ያኔ እነዚህ ነገሮች ለቲቪ አልነበረም የሚሠሩት፣ ሲኒማ ቤት ከዋናው ፊልም በፊት ነበር የሚታዩት፣ ለዛ ነው ሙዚቃው በሙሉ ኦርኬስትራ የሆነው፣ የስኮት ብራድሊን ሙዚቃ ብቻውን ብትሰሙት ራሱ ድመቱ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ።

እሺ፣ ወደ ሌላኛው ስቱዲዮ ወደ ዋርነር ብራዘርስ ስንመጣ ደግሞ ድምፅ የሚሠራው ሜል ብላንክ አለ። ጥንቸሉ በግስ በኒ እሱ፣ ዳክዬው ዳፊ ዳክ እሱ፣ ወፉ ትዊቲ እሱ፣ ድመቱ ሲልቨስተር እሱ። ፖርኪ የሚባለው አሳማ መጀመሪያ ሌላ ሰው ነበረው፣ ጆ ዶኸርቲ የሚባል፣ ሰውየው የምር ይንተባተብ ስለነበር ቀረፃው ማለቂያ አጣ፣ በ1937 ብላንክ ተተካና እየተንተባተበ በልክ የሚጨርስ ሰው ተገኘ። ትንሽ ይከብዳል አይደል፣ የምር የሚንተባተበው ወጥቶ አስመሳዩ ገባ። እና አንድ የገረመኝ ነገር፣ ዳፊና ሲልቨስተር ያው አንድ ድምፅ ናቸው፣ የዳፊውን ፍጥነት ጨምረው ቀጠን ስላደረጉት ነው ሁለት የሚመስለን። ካወቅኩ በኋላ ደግሜ ሰማሁት፣ አሁን ሌላ ነገር መስማት አቃተኝ።

አሁን የምፈልገው ቦታ ደረስኩ። ብላንክ አለቃው ጋ ሄዶ የደመወዝ ጭማሪ ይጠይቃል፣ አለቃው ሊዮን ሽሌሲንገር ነው፣ ብር የለም ይለዋል። እሺ እንግዲያው ስሜን ፊልሙ ላይ ጻፉልኝ አለ። ስም ደግሞ ወጪ የለውማ፣ ተጻፈለት። ከዛ በኋላ ለዓመታት ካርቱኑ ሲጀምር «ድምፅ» የሚለው ጋ አንድ ስም ብቻ ነው የሚወጣው፣ ሌላ ሰው ቢኖርም ባይኖርም። እና ነበሩ እኮ! ያ ጠመንጃ ይዞ ጥንቸል የሚያሳድደው መላጣ ኤልመር ፋድ፣ እሱ አርተር ኪው ብራያን ነው፣ በ1959 እስኪሞት ድረስ ኤልመር እሱ ነበር፣ ስሙ ግን የለም። ብላንክን አልወቅስም፣ የለፋበትን ነው የጠየቀው፣ ግን ዓለም በሙሉ «ሁሉንም የሠራው አንድ ሰው ነው» ብሎ ያመነው ከዛች የደመወዝ ወሬ ተነስቶ ነው።

ሌላዋ ጁን ፎሬይ ናት። ትዊቲን የምታሳድገው አሮጊት፣ ጠንቋይዋ ሄዝል፣ ኋላ ላይ እሷ ናት፣ ስም የለም። እና ወደ ቶምና ጄሪ መልሳ የምታመጣኝ እሷ ናት። መጥረጊያ ይዛ ቶምን የምታባርረው ሴትዮ ትዝ ትላችኋለች፣ እግሯ ብቻ የሚታየው? ድምፅዋ ሊሊያን ራንዶልፍ ናት፣ ጥቁር አሜሪካዊት ተዋናይ፣ እሷም ስሟ አልተጻፈም። ገጸ ባህሪዋ ጥቁር የቤት ሠራተኛ ላይ የሚያሾፍ ነው የሚል ተቃውሞ ነበር፣ እውነትም ነው፣ ዛሬ ስታዩት ያሸማቅቃል። ታዲያ በ1960ዎቹ ለቲቪ ሲያዘጋጁት ምን አደረጉ፣ አንዳንዶቹ ላይ ሴትየዋን ነጭ አድርገው እንደገና ሳሏትና የራንዶልፍን ድምፅ አውጥተው በአይሪሽ አክሰንት ሌላ ደረቡበት። ማን? ጁን ፎሬይ! ስሟ የማይጻፈው ሴት፣ ስሟ ባልተጻፈው ሴት ላይ ተደረበች። እኔ ይሄን ሳነብ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ። ስዕሉ ነበር ችግሩ፣ የተባረረው ግን ድምፁ ነው፣ ያቺ ሴትዮ እኮ በድምፅዋ ብቻ ነበር ሰው የሆነችው፣ ፊት የላትም። ልጅ ሆኜ የትኛዋን እንደሰማሁ አሁን ብትጠይቁኝ አላውቅም፣ እግሯን ብቻ ነው የማስታውሰው።

ፎሬይ በ94 ዓመቷ ኤሚ የሚባለውን የቲቪ ሽልማት አገኘች፣ የረጅም አኒሜሽን ፊልም ኦስካር እንዲኖር ከወተወቱት ውስጥም አንዷ ናት። በሐምሌ 2017 በፈረንጆቹ በ99 ዓመቷ ስትሞት በዛው ሰሞን፣ በቀናት ልዩነት፣ እኛ ደግሞ አባባ ተስፋዬን ተሰናበትን። ሳነጻጽረው ይገርመኛል፣ እሳቸውን መንገድ ላይ ያየ ሁሉ ሮጦ ነበር የሚስማቸው፣ እሷ ግን ሱፐርማርኬት ተሰልፋ አፏን ካልከፈተች ማን ያውቃታል።

በሉ ብዙ አወራሁ። ለመስማት ከፈለጋችሁ «ራቢት ፋየር» ብላችሁ ፈልጉ፣ የ1951 ነው፣ ቸክ ጆንስ የሠራው፣ በግስና ዳፊ «የጥንቸል ወቅት ነው፣ የለም የዳክዬ ወቅት ነው» እያሉ የሚጨቃጨቁበት። መጀመሪያ ላይ የሚወጣውን ስም እዩ፣ ከዛ ኤልመር ሲመጣ አይናችሁን ጨፍኑና እሱን ብቻ ስሙት፣ ጥንቸል ማለት እንኳን አቅቶት የሚንተፋተፈውን። ብራያን ነው። ቻው።