የዘር ማጥፋት ጥናት ዓለም አቀፍ ዐውደ ጥናት እንዴት ይሰናዳል?

[ምስል፦ የኢስታንቡል ከተማ፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ በር]

በዚህ ቪዲዮ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

በ2005 በኢስታንቡል የሚገኙ የሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ምሁራን፣ ከዛሬዋ ቱርክ በፊት በነበረው በኦቶማን መንግሥት የመጨረሻ ዘመን በአርመኖች ላይ ስለደረሰውና የቱርክ መንግሥት ዘር ማጥፋት መባሉን ስለማይቀበለው መከራ የሚመክር ጉባኤ አሰናዱ። ጉባኤው በሜይ ወር ሊካሄድ ታስቦ ነበር፤ ይሁንና የወቅቱ የቱርክ ፍትሕ ሚኒስትር ጀሚል ቺቼክ አዘጋጆቹን አገርን ከጀርባ እንደሚወጉ አድርገው በፓርላማ ስለከሰሷቸው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። በሴፕቴምበር እንደገና ተቀጥሮ ሊከፈት ሲል ደግሞ በዋዜማው የፍርድ ቤት እግድ መጣ። እግዱ በስም የጠቀሰው ቦጋዚቺና ሳባንጂ የተባሉትን ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ስለነበረ፣ አዘጋጆቹ ጉባኤውን ሦስተኛው አጋር ወደነበረው ወደ ቢልጊ ዩኒቨርሲቲ አዛወሩት። ተሳታፊዎቹ እንቁላልና ቲማቲም በሚወረውሩ ተቃዋሚዎች መካከል አልፈው ገቡ፤ ለሁለት ቀናትም ተወያዩ።

እንዲህ ያለ መድረክ ለማስተናገድ የሚያስብ ተቋም ከዚህ ታሪክ የሚወስደው የመጀመሪያ ትምህርት አስተናጋጅነትን ለብቻ አለመሸከም ነው። ሦስቱ ተቋማት ሥራውን ከመነሻው በጋራ ይዘውት ስለነበር፣ አንዱ በር ሲዘጋ የሚከፈት ሌላ በር አልታጣም። አዳራሹ፣ ድምፅ ማጉያውና መስተንግዶው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሊሟሉ ይችላሉ። ውይይቱ እንዲጸና ወይም እንዲፈርስ የሚያደርጉት ውሳኔዎች ግን ከዚያ ብዙ ወራት ቀድመው የሚወሰኑ ናቸው፤ ይህ ቪዲዮም የሚያተኩረው በእነርሱ ላይ ነው።

በቅድሚያ ጉባኤንና ዐውደ ጥናትን እንለይ። በ1994 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የዘር ማጥፋት ተመራማሪዎች ማኅበር በ2007 በሳራዬቮ፣ በ2015 በየሬቫን፣ በ2019 ደግሞ በፕኖም ፔን እንዳካሄዳቸው ያሉ ጉባኤዎች ብዙ ሰው ይሰበስባሉ፤ ለእያንዳንዱ አቅራቢ የሚደርሰው ጊዜ ግን አጭር ነው። ዐውደ ጥናት ከዚህ ይለያል። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊቀመጡ የሚችሉ፣ ሃያ ያህል ሰዎች ይጋበዛሉ፤ ጽሑፎቹ ከሳምንታት በፊት ለሁሉም ይላካሉ፤ በዕለቱም ጸሐፊው ጽሑፉን አያነብም። ውይይቱን የሚከፍተው ጽሑፉን አስቀድሞ በጥሞና ያነበበ ሌላ ተመራማሪ ነው። ጽሑፉን ሳያነቡ የሚመጡ ሰዎች ከበዙ ዐውደ ጥናቱ በስም ብቻ ይቀራል፤ ስለዚህ የጽሑፍ ማስረከቢያው ቀን እንደ አውሮፕላን ትኬት ቀን ሊከበር ይገባዋል።

[ምስል፦ የጥናት ጽሑፍ ጥሪ ረቂቅ፤ አንዳንድ ቃላት ተሰርዘው በሌላ ተተክተዋል]

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው፣ ተመራማሪዎች ጥናት እንዲያቀርቡ የሚጋበዙበት የጥሪው ጽሑፍ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ቃሉ አመጣጥ መመለስ ይኖርብናል። በአማርኛ ዘር ማጥፋት የምንለውን ጀኖሳይድ የሚለውን ቃል በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም ያስተዋወቀው ፖላንዳዊው አይሁድ የሕግ ሊቅ ራፋኤል ለምኪን ነው፤ ቃሉን የፈጠረውም በግሪክኛ ዘር ወይም ነገድ ማለት የሆነውን ቃል ከላቲኑ መግደል ጋር አጣምሮ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ዲሴምበር 9 ቀን 1948 ዘር ማጥፋትን የሚከለክለውን ስምምነት ሲያጸድቅ፣ ዘር ማጥፋት ማለት በብሔር፣ በጎሣ፣ በዘር ወይም በሃይማኖት የሚታወቅን ቡድን በሙሉ ወይም በከፊል ለማጥፋት በማሰብ የሚፈጸሙ አምስት ዓይነት ድርጊቶች እንደሆነ ተደነገገ። ስምምነቱን ከአገሮች ሁሉ ቀድማ በ1949 ያጸደቀችው ኢትዮጵያ መሆኗን የአማርኛ ተመልካች ቢያውቀው መልካም ነው። ለምኪን አጥብቆ ያሰበበት የባህል ጥፋት ግን ከመጨረሻው ጽሑፍ ወጣ፤ የፖለቲካ ቡድኖችም ጥበቃ ሳያገኙ ቀሩ።

ይህ የሕግ ትርጓሜ በውይይት ጠረጴዛ ላይ ምን እንደሚያስከትል የካምቦዲያ ጉዳይ በግልጽ ያሳያል። ከ1975 እስከ 1979 አገሪቱን በያዘው የኮሚኒስት ቡድን፣ በክመር ሩዥ አገዛዝ ሥር ካለቁት ሰዎች አብዛኞቹ እንደ ገዢዎቹ ራሳቸው የአገሪቱ ዋና ብሔር የሆኑት ክመሮች ነበሩ። በፕኖም ፔን የተሰየመው ልዩ ችሎት በ2018 ከአገዛዙ መሪዎች አንዱ የነበረውን ኑኦን ቼያን በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ያለው ግን በቻም ሙስሊሞችና በቪዬትናማውያን ላይ በተፈጸመው ድርጊት ሲሆን፣ ሌላውን መሪ ኪዩ ሳምፋንን ደግሞ በቪዬትናማውያኑ ብቻ ነው። በሌሎቹ ላይ የደረሰው ግፍ በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል በሚለው ተዳኘ። እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ የሕግ ባለሙያዋ ቃሉን በድንጋጌው ልክ ትጠቀምበታለች፤ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪው ከድንጋጌው አስፍቶ ይጠቀምበታል፤ ቤተሰቡን ያጣው ሰው ደግሞ ለደረሰበት ነገር ሌላ ስም መስማት አይፈልግም። ሦስቱም በቅንነት ይናገራሉ። ጥሪው ቃሉ በዐውደ ጥናቱ በየትኛው ትርጉም እንደሚሠራበት፣ ወይም ትርጉሙ ራሱ ለክርክር ክፍት መሆኑን አስቀድሞ ካልገለጸ፣ የመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ በዚሁ ጉዳይ ያልቃል።

ከትርጉም ክርክር ጋር ፈጽሞ ሊቀላቀል የማይገባው ነገር ደግሞ ክህደት፣ ማለትም የተፈጸመውን አልተፈጸመም ብሎ መካድ ነው። ስለ ውሳኔ ሰጪዎች ሐሳብ፣ ስለ ሟቾች ቁጥር አቆጣጠር፣ የማዕከላዊው መንግሥትና የአካባቢ ሹማምንት ድርሻ ምን ያህል እንደነበረ መከራከር ጥናት ነው፤ ማስረጃ ያቀርባል፣ በማስረጃም ይረታል። ክህደት ግን የሰነዱንም የምስክሩንም ቃል ከመስማቱ በፊት ድምዳሜውን ይዞ ይመጣል። ለሁለቱም ወገን እኩል መድረክ ሰጥቻለሁ የሚል አስተናጋጅ ሚዛን የጠበቀ ይመስለዋል፤ በእኔ እምነት ግን እንዲህ ሲያደርግ የተመራማሪነትን መለኪያ ይጥላል። መለኪያው አንድ ብቻ መሆን አለበት፦ የቀረበው ጽሑፍ ምንጮቹን ያሳያል ወይ? የሚቃረኑትንስ ማስረጃዎች ይመረምራል ወይ?

ግፊቱ የሚመጣው ከአጋርም ሊሆን ይችላል። በ1982 የዘር ማጥፋት ተመራማሪው እስራኤል ቻርኒ በቴል አቪቭ ስለ ሆሎኮስት፣ ማለትም ናዚዎች በአይሁድ ላይ ስለፈጸሙት ጭፍጨፋ፣ እና ስለ ዘር ማጥፋት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሲያዘጋጅ፣ በመርሐ ግብሩ ውስጥ ስለ አርመኖች የሚቀርቡ ጥቂት ጽሑፎች ነበሩበት። የቱርክ መንግሥት ተቃወመ፤ የእስራኤል ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም በአዘጋጆቹ ላይ ጫና አደረገ። ከሆሎኮስት የተረፈው ደራሲ ኤሊ ቪዘል ራሱን አገለለ፤ የእስራኤል የሆሎኮስት መታሰቢያ የሆነውን ያድ ቫሼምን የመሰሉ ተቋማትም ወጡ። ጉባኤው ግን ከታሰበው ባነሰ ሰው፣ የአርመኖቹን ጉዳይ ከመርሐ ግብሩ ሳያወጣ ተካሄደ። ስለዚህ ከገንዘብ ሰጪም ሆነ ከአጋር ተቋም ጋር በሚፈረመው ውል ውስጥ፣ የጽሑፎች ምርጫ የሳይንሳዊ ኮሚቴው ሥልጣን ብቻ መሆኑ በአንድ ግልጽ አንቀጽ ሊሰፍር ይገባል። አንቀጹ ጫናን አያስቀርም፤ ጫናው ሲመጣ ግን መልሱ ተጽፎ ይጠብቃል።

[ምስል፦ አስተርጓሚ በመስታወት ክፍል ውስጥ፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርጋ]

አሁን ወደ ክፍሉ ውስጥ እንግባ። ከጥቃት የተረፈ አንድ ሰው በራሱ ቋንቋ ይናገራል፤ አስተርጓሚዋም በሙያዋ ደንብ መሠረት ቃሉን በአንደኛ መደብ ትመልሳለች። «እናቴን ያየኋት ለመጨረሻ ጊዜ ያን ዕለት ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከእርሷ አፍ በእርሷ ድምፅ ይወጣል። እንዲህ ያለ ሥራ ከግማሽ ሰዓት በላይ ያለ ተተኪ አይሠራም። የቃላት ዝርዝርም አስቀድሞ ሊደርሳት ይገባል፤ ምክንያቱም በዚህ መስክ ወሳኝ የሆኑት ቃላት ብዙውን ጊዜ በመዝገበ ቃላት ፍቺያቸው ብቻ አይገኙም። በአሩሻ የተሰየመው የሩዋንዳ ዓለም አቀፍ ወንጀል ችሎት ሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 በቀድሞው የሩዋንዳ የአካባቢ ሹም በዣን ፖል አካዬሱ ላይ በሰጠው ፍርድ፣ ይህም በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የተሰጠ የመጀመሪያው የዘር ማጥፋት ጥፋተኝነት ውሳኔ ነው፣ የቋንቋ ባለሙያ ሰምቶ የሩዋንዳ ቋንቋ የሆነውን የኪንያርዋንዳን ቃላት ትርጉም ለብቻው መርምሯል። በቁሙ በረሮ ማለት ሆኖ ቱትሲዎችን ለመጥራት ይውል የነበረው ኢንየንዚ በ1994 በማን አፍ፣ ለማን፣ በምን ሁኔታ እንደተነገረ ሳይታወቅ ሊተረጎም አይችልም ነበር።

ሥዕላዊ ማስረጃም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። በክመር ሩዥ ዘመን በፕኖም ፔን በቱኦል ስሌንግ እስር ቤት ታሳሪዎች ሲገቡ ፎቶግራፍ ይነሱ ነበር፤ በአንዳንዶቹ ፎቶዎች ላይ ደረቱ ላይ ቁጥር የተለጠፈበት ልጅ ካሜራውን ቀጥ ብሎ ያያል። ፎቶውን ያነሳው አሳሪው ነው፤ ልጁ ፈቃዱን አልተጠየቀም። አንድ አቅራቢ ይህን ምስል በግድግዳ ሙሉ አስፍቶ ከማሳየቱ በፊት ለክርክሩ ምን እንደሚጨምር ማስረዳት መቻል አለበት፤ አወያዩም ምስሉ እንደሚመጣ ለታዳሚው ቀድሞ ይናገራል፣ መውጣት የሚፈልግም ያለ ማብራሪያ ይወጣል።

ከዚያ የቪዛው ጉዳይ አለ። ስለ አንድ አገር ሰቆቃ ከሚያጠኑት መካከል ማኅደሩን በቅርብ የሚያውቁት የዚያው አገር ተመራማሪዎች ሆነው ሳለ፣ ብዙ ጊዜ ቪዛ የሚከለከሉት እነርሱ ናቸው። የግብዣ ደብዳቤ ቢያንስ ከአምስት ወይም ከስድስት ወር በፊት ይላክ፤ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በግልጽ ይጻፍበት። የዐውደ ጥናቱ ርዕስ በደብዳቤው ላይ እንዴት እንደሚሰፍር ግን ተጋባዡን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በአየር ማረፊያ የሚፈተሸው የእርሱ ቦርሳ ነውና። በተመሳሳይ ምክንያት የአንዳንዱ ተሳታፊ ስም በድረ ገጽ ከሚወጣው መርሐ ግብር ሊቀር ይችላል። ለውይይቱ ደግሞ ከ1927 ጀምሮ በለንደኑ የጥናት ተቋም በቻተም ሀውስ ስም የሚታወቀው ደንብ ይጠቅማል፦ የተባለውን መጠቀም ይቻላል፤ ማን እንዳለው መግለጽ ግን አይቻልም። ድምፅና ምስል የሚቀረጽ ከሆነ ይህ ደንብ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ አስቀድሞ ይመረጣል።

የድካሙ ፍሬ ቶሎ አይታይም። ሮናልድ ሱኒና ፋትማ ሙጌ ጎቼክን ጨምሮ የአርመንና የቱርክ ተመራማሪዎችን አብረው ያስቀመጡ ምሁራን ተከታታይ ዐውደ ጥናታቸውን በ2000 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጀመሩ፤ ከዚያ ሥራ የተሰበሰቡት ጥናቶች በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በመጽሐፍ የወጡት በ2011 ነው። በእንዲህ ያለ ረጅም ጊዜ ውስጥ ምስክርነቱን የሰጠ ሰው ሐሳቡን ሊለውጥ፣ ሊታመም ወይም ሊሰደድ ይችላል። በመድረክ ላይ የተገኘ ፈቃድ ለኅትመት አይበቃም፤ ቃሉ ከመታተሙ በፊት ተተርጉሞ በሚያነበው ቋንቋ ይላክለታል፣ ለማረምና ለመሰረዝም በቂ ጊዜ ይሰጠዋል። የዚህ ትርጉም ክፍያ ገና በመጀመሪያው የበጀት ረቂቅ ላይ፣ ከአዳራሽ ኪራዩ በፊት ሊጻፍ ይገባል።