ድምፅ የሌለው ስኩተር

እሺ... እየቀዳ ነው መሰለኝ። ሰላም ናችሁ? ዛሬ ላወራ ያሰብኩት ስለ ሌላ ነገር ነበር፤ ማስታወሻውም እዚሁ ፊቴ አለ። ግን ትንሿ እህቴ ጀሶ የታሰረ እጇን ትራስ ላይ አስደግፋ ሳሎን ተቀምጣለች። እሷን አልፌ መጥቼ ስለ ሌላ ነገር ማውራት አልሆነልኝም። "ትንሿ ምን አለች?" እያላችሁ የምትጽፉልኝ፣ ዛሬ ምንም አላለችም።

ለገብርኤል እንግዳ መጥቶብን ነበር። በማግስቱ ሁላችንም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወረድን። እዚያ ስኩተር ያከራያሉ፤ ያንን በባትሪ የሚሠራውን። በሰዓት ይከፈላል፣ መታወቂያ ይያዛል፣ በቃ። መንጃ ፈቃድ አለሽ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

አሁን እቺን ደቂቃ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ከዓይኔ አልጠፋ ብላለች።

የሚያከራየው ልጅ ቁልፉን አዞረ። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት ቢሆነው ነው። ትንሽዬ አረንጓዴ መብራት በራች። ሌላ ምንም የለም። የቤንዚን ሞተር ቢሆን ይንደቀደቃል፤ መነሳቱን ማንም ይሰማል። ይሄ ግን ዝም ነው። ትንሿ ገና አልወጣችበትም። ከጎኑ ቆማ ፊቱን ወደ መንገዱ ልታዞረው መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። ቀኝ እጇ ያረፈው ጋዙ ላይ ነው፤ ሲጠመዘዝ ፍጥነት የሚሰጠው እጀታ ላይ። ሳብ ስታደርገው ጋዙ ዞረ።

ዘለለ።

ሰው ሲደነግጥ የያዘውን አጥብቆ ይይዛል። ስኩተሩ ወደፊት ሲሄድ እሷ ወደ ኋላ ቀረች፣ ክንዷ ተወጠረ። የተወጠረ ክንድ ደግሞ ጋዙን ይብስ ወደ ራሱ ይጠመዝዘዋል። "ልቀቂው! ልቀቂው!" እያልን ጮህን። እጅ በዚያች ሰከንድ አይሰማም። ነጠላ ጫማዋ አንዱ እዚያው ቀረ፣ እሷ ከነስኩተሩ እስከ ድንጋዩ ግንብ ተጎተተች። ስፖኪዮው ተሰበረ። የእጇ አንጓም።

ልጁ እየሮጠ መጥቶ በሃይላንድ የያዘውን ውሃ ጉልበቷ ላይ አፈሰሰላት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወደ እማ ዞሮ፣ "ማዘር፣ እኔ እኮ ጋዙን አትንኪ ብያታለሁ" አላት።

አላለም። አጠገባቸው ነበርኩ፣ አላለም። ያላት "ቀላል ነው፣ እንደ ሳይክል ነው" ነው።

እንደ ሳይክል። ሐዋሳ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ያምናል። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ታቦርንና አላሙራን ካልወጣችሁ ዳገት የሚባል የለም። ስንቶቻችን ነን በኪራይ ሳይክል ያደግነው? ከአሞራ ገደል የዓሣ ሽታ እየተከተለን፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ መሃል መንገድ ላይ ቆመው አንለቅም እያሉ... ይቅር፣ ወደዚያ ከገባሁ አልወጣም። ሳይክል ካልረገጡት አይሄድም፤ ስትፈሩ እግራችሁ ይቆማል፣ እሱም እየቀዘቀዘ ይቆማል። ስኩተር ላይ ግን ድንጋጤው ራሱ ጋዝ ይሰጣል። ይህን የነገረን ሰው አልነበረም።

አንዳንዶቹ ስኩተሮች እኮ ፒ የሚል መጫኛ አላቸው። እሱ በርቶ ከሆነ ጋዙ ቢነካም አይሄድም። በእጅ ሲገፋ ደግሞ ቁልፉን ማጥፋት ነው፣ ሌላ ምንም ጥበብ የለውም። ይህንን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አንድ ደቂቃ!

ሄልሜትም ነበር። አንድ፣ ለመጣው ሁሉ። መቆለፊያው ተሰብሮ ማሰሪያው እንዲያው ተንጠልጥሏል። ኮክሬን የሚባለው ተቋም ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመዝን፣ ሄልሜት የሞተር ነጂን የመሞት ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ያልታሰረ ሄልሜት ግን ጭንቅላት መሬት ሳይነካ ቀድሞ ሊወልቅ ይችላል።

ዱባይ ያለችው ጓደኛችን ይህን ስትሰማ ደወለች። ታይላንድ ለዕረፍት ሄዳ ስኩተር ተከራይታ ነበር። እዚያ ብዙ ቦታ መያዣው ፓስፖርት ነው። ስትመልስ የድሮውን ጭረት ሁሉ አንቺ ነሽ ያደረግሽው አሏት። ፓስፖርትሽ በሰው እጅ እያለ ምን ብለሽ ትከራከሪያለሽ? ከፈለች። ጭስ ማውጫው ያቃጠላት ቁስል ጠባሳው እስካሁን ባቷ ላይ አለ። ኢንሹራንሱስ ስላት፣ ብዙዎቹ የጉዞ ኢንሹራንሶች የሞተር መንጃ ፈቃድ ሳይኖርሽ ከነዳሽ ለሕክምና አይከፍሉም አለችኝ። የመኪናው አይበቃም። እኛም አገር የሞተር መንጃ ፈቃድ ምድቡ ለብቻ ነው። ሦስተኛ ወገን የሚባለው ኢንሹራንስም ነጂው ለጎዳው ሰው እንጂ ለነጂው አይደለም። ታዲያ ለዕረፍት መጥቶ ስኩተር ላይ የሚወጣ ሰው በምን ተማምኖ ነው የሚወጣው? በፈገግታ?

እኔን ግን የሚያንገበግበኝ የስፖኪዮው ነገር ነው። ትንሿ እጇን ታቅፋ እያለቀሰች፣ ገና ራጅ ሳንነሳ፣ እማ ቆማ የስፖኪዮውን ዋጋ ትቆጥራለች። መታወቂያው እንዲመለስ። ልጁ ብሩን ሲቀበል ቀና ብሎ አላየንም። የዚያን ቀን በጣም ጠላሁት። እውነቴን ነው፣ ጠላሁት።

ማታ ላይ ግን... ስኩተሩ እኮ የሱ አይደለም። ባለቤቱ ሌላ ነው፣ እዚያም አልነበረም። ስፖኪዮው ባይከፈል ከማን ደሞዝ ነበር የሚቆረጠው? ለልጁስ ማን አሳየው? ለሱም ቁልፍ ሰጥተው "ቀላል ነው" ብለውት ይሆናል። ትንሿ ራሷ "ተዉት፣ እሱም ደንግጦ ነው" ትላለች። እማ ደግሞ ሄደን ባለቤቱን እናናግረው ባይ ናት።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ባለቤቱን ካናገርነው መጀመሪያ የሚያደርገው ልጁን ማባረር ነው፤ ሌላ ልጅ ያመጣና ያው ይቀጥላል። ዝም ካልን ደግሞ በሚቀጥለው በዓል ያው መብራት ይበራል፣ የሌላ ሰው እህት መሪውን ትይዛለች። ልጁን ለብቻው ባገኘውስ? ምን ብዬ? ጋዙን አሳያቸው፣ ቁልፉን አጥፋ ብዬ? ይሰማኛል? እማ ቅዳሜ እንሂድ ብላለች። እኔ እስካሁን እሺም እምቢም አላልኳትም። እናንተ ብትሆኑ... አላውቅም። ለዛሬ እዚህ ላይ ላቁመው።