ዋጋውን ጻፉት

ደሴ ውስጥ ለአነስተኛ ነጋዴዎችና ለእጅ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንዴት ዋላችሁ? ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታችሁ የመጣችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ።

የማወራው ስለ ድረ ገጽ ነው። ግን ስለ ማማሩ አይደለም። ብዙዎቻችሁ አሠርታችኋል፣ ወይም ልታሠሩ አስባችኋል። ጥያቄያችሁም አንድ ነው፤ ሰው ያየዋል፣ ታዲያ ለምን አይገዛም?

ከገዢው እንነሳ። አንዲት ልጅ ጅዳ ትሠራለች እንበል። እንዲህ ያለች ልጅ ወሎ ውስጥ በየሰፈሩ አለችን። ደሴ ላሉት እናቷ ሜትር ከሃምሳ አልጋና ቁም ሳጥን ልትገዛ ፈልጋለች። ማታ ከሥራ ወጥታ ስልኳን ትከፍታለች። የእናንተን ገጽ ታገኛለች። ዋጋው ስንት ነው? እንጨቱ ምንድን ነው? ቤት ድረስ ያደርሳሉ? ብሩ ተከፍሎ ዕቃው ቢቀር ማንን እይዛለሁ? ይህን ነው የምትጠይቀው።

ገጹ ግን «ወደ ድረ ገጻችን እንኳን በደህና መጡ» ይላታል። ቀጥሎ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት። ዋጋ ስትፈልግ «በኢንቦክስ ያናግሩን» የሚል ታገኛለች። ደክሟታል። አታናግራችሁም፣ ወደ ሌላው ታልፋለች።

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ትልቁ ነገር ይኸው ነውና። ዋጋ የምንደብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ተወዳዳሪ ያየዋል እንላለን። ተወዳዳሪ እኮ ማወቅ ከፈለገ ሰው ልኮ ይጠይቃል። የእንጨት ዋጋ በየጊዜው ይቀየራል እንላለን። እውነት ነው፣ ይቀየራል። እንግዲያው ከዋጋው ሥር «ይህ ዋጋ እስከ ወሩ መጨረሻ ይሠራል» ብላችሁ ጻፉ። ወሩ ሲያልቅ አድሱት። በትዕዛዝ የሚሠራ ደግሞ «ከዚህ ብር ጀምሮ» ብሎ መነሻውን ያስቀምጥ። ዋጋ የሚያስጨምረው ልኩ ይሁን፣ እንጨቱ ይሁን፣ ቀለሙ ይሁን፣ አብሮ ያስረዳ። ዋጋ መከራከር ይቅር አላልኩም። ግን የሚከራከረው መነሻውን ያየ ሰው ነው። ምንም ያላየ ሰው «ከውጭ እንደምደውል ሲያውቁ ይጨምሩብኛል» ብሎ ይፈራል። ይህ ፍርሃት ከየትም የመጣ አይደለም፤ ብዙ ሰው ደርሶበታል። ስለዚህ የተጻፈ ዋጋ እምነትም ነው።

ፎቶውም እንደዚያው ነው። ከኢንተርኔት የወረደ የሰው አገር ሶፋ አትለጥፉ። የራሳችሁን ሥራ በቀን ብርሃን አንሱ። ወለሉ ላይ ፍቅፋቂ ቢታይ ግድ የለም፤ እንዲያውም ሥራው በእጃችሁ መሆኑን ያሳያል። ዕቃ ስታደርሱ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ እዚያው አንሱት። የእናት ቤት ገብቶ የተቀመጠ ቁም ሳጥን ያየች ልጅ ሌላ ማስረጃ ብዙም አትፈልግም።

ፎቶውን ግን ሳታሳንሱ አትጫኑት። ስልክ ያነሳው ፎቶ 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። አሥሩ 40 ነው፣ የሚበላውም የደንበኛውን ዳታ ነው። ጥራቱ ብዙ ሳይጎዳ ወደ 200 ኪሎባይት ማውረድ ይቻላል። ጎግል በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በስልክ የተከፈተ ገጽ ከ3 ሰከንድ በላይ ካስጠበቀ 53 ከመቶው ጉብኝት ይቋረጣል። ድረ ገጹን ለሚሠራላችሁ ሰው ይህን ንገሩት። በቢሮ ዋይፋይ ሳይሆን በሞባይል ዳታ ከፍቶ ያሳያችሁ።

ስልክ ቁጥራችሁ ሲነኩት የሚደውል ይሁን፣ ፎቶ ውስጥ የተጻፈ አይሁን። በ09 ብቻ አትጻፉት፤ ከጅዳ ሲም ስትነካው አይደውልላትም። በ+251 ይጀምር። ዋትሳፕ ወይም ኢሞ ካላችሁ ጨምሩ። የሥራ ሰዓትም «2:00» ብቻ ከሆነ ውጭ የለመደ ሰው ግራ ይገባዋል። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት» ብላችሁ ጨርሱት።

አድራሻ ላይ «ፒያሳ» ብቻ ማንንም አያደርስም። ከምን ፊት ለፊት፣ ስንተኛ ፎቅ? ጎግል ካርታ ላይ ማስመዝገብ በነጻ ነው። የገጹ ርዕስ ላይም «መነሻ ገጽ» ከሚል «አልጋና ቁም ሳጥን፣ ደሴ» ይጻፍ። ሰው ጎግል ላይ የሚፈልገው እንደዚያ ብሎ ነው። በላቲን ፊደል የሚጽፍም ብዙ ስለሆነ በሁለቱም አስገቡት።

ክፍያ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደሴ ያለ ወንድሟ በደቂቃ ሊከፍልላት ይችላል። ግን ቀብዱ ስንት እንደሆነ፣ ዕቃው በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ ከዘገየ ምን እንደምታደርጉ ቀድማችሁ ጻፉ። ልትፈጽሙት የማትችሉትን ቀን ግን አትጻፉ፣ እባካችሁ።

ከዚህ በላይ በቃል ከማወራ፣ የራሳችሁን ገጾች አብረን እንይ። ስልካችሁን አውጡ፣ ዋይፋዩን አጥፉ። ዋጋውንና ስልክ ቁጥሩን ፈልገን እስክናገኝ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ እንቆጥራለን። በማን ገጽ እንጀምር?