ጎመኑን ከሕመምተኛ ድስት እናውጣው

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ።

«ስኳርህ ከፍ ብሏል» ወይም «ደምህ ውስጥ ስብ በዝቷል» የተባለ ሰው ከሐኪም ቤት ሲመለስ፣ ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር አንድ ትንሽ ድስት ለብቻው መጣድ ነው። ቤተሰቡ እንደወትሮው ወጡን ይሠራል። ለእሱ ግን ጎመን በውኃ ይቀቀልና ዘይትም ጨውም ሳይነካው በሰሃን ይቀርብለታል። ሦስት አራት ቀን እንደምንም ይውጠዋል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲሆን ሰው ሳያየው ከትልቁ ድስት መጉረስ ይጀምራል፤ ከዚያ «አልችል አለ፣ ሆዱን ይወዳል» ይባላል። እስቲ በሰውየው ላይ ከመፍረዳችን በፊት ጎመኑን እንቅመሰው። ያንን ጎመን ጤነኛም ቢሆን አይበላውም።

ዛሬ የምንነግራችሁ ይህንኑ ነው። ለጤና የሚስማማ ምግብ የሚጠላው በሁለት ምክንያት ነው፦ ከቤተሰቡ ማዕድ ተለይቶ ይሠራል፣ ሲሠራም ሙያ ይነፈገዋል። ሁለቱም ወጥ ቤት ውስጥ የሚስተካከሉ ናቸው።

ማስረጃው ደግሞ ከእጃችን አልራቀም። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም 55 ቀን ሙሉ፣ ስንት ቤት ውስጥ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሥር ይበላል። «ዳይት ላይ ነኝ» ብሎ በያይነቱ የሚያዝ ሰው ግን አይታችኋል? ጾም ባይሆንም አምሮት የሚያዝዘው አለ። ጥራጥሬ፣ ቅጠላ ቅጠልና የጤፍ እንጀራ በአንድ ትሪ ላይ፦ የሥነ ምግብ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ቢያወጣው ከዚህ ብዙም አይርቅም። የሚጣፍጠው ግን ሽንኩርቱ በደንብ ስለተቁላላ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ስላልቀረበት ነው። የጾም ምግብ ሁሉ ለጤና ይስማማል ማለታችን እንዳልሆነ ግን ይታወቅልን። ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ፣ በዘይት የተጠበሰ ድንችና ሳምቡሳ፣ ከጎኑም ለስላሳ፣ ይህም የጾም ምግብ ነው።

የምግቡ አቀራረብ ምን ያህል እንደሚለውጥ በጥናትም ታይቷል። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 በግቢው ምግብ ቤት ውስጥ አትክልቶችን በአንድ ዓይነት አሠራር አሰናድተው ስማቸውን ብቻ በየቀኑ እየቀያየሩ አቀረቡ። አንድ ቀን ጣዕሙን በሚያጓጓ ስም፣ አንድ ቀን ያለ ምንም ቅጽል፣ አንድ ቀን ደግሞ «ስኳር ያልተጨመረበት»፣ «ጨው የተቀነሰ» በሚል ዓይነት ስም። አጓጊው ስም በተለጠፈ ቀን አትክልቱን ያነሡ ሰዎች፣ ያለ ቅጽል ከቀረበበት ቀን በ25 በመቶ፣ «የተቀነሰ» ከተባለበት ቀን ደግሞ በ41 በመቶ በለጡ። ስለዚህ ማዕድ ስታቀርቡ «ይሄ ለጤናህ ነው» አትበሉ። «ቃሪያ ያለው ጎመን ነው፣ በትኩሱ ብላ» ይበቃል።

አሁን ወደ ምድጃው እንሂድ፤ ጎመኑ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

ለአምስት ሰው አንድ ኪሎ የሐበሻ ጎመን ያዙ። አፈሩ እስኪለቅ ሦስት ጊዜ እጠቡት። ወፍራሙን ግንድ ለይታችሁ በቀጭኑ ክተፉት፣ አትጣሉት፤ ከቅጠሉ ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ይገባል። ሁለት ሊትር ያህል ውኃ አፍሉና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት። ጨው ምሬትን ስለሚሸፍን፣ እዚህ ላይ የገባች ትንሽ ጨው በኋላ ከሚበተን ብዙ ጨው ትሻላለች። ጎመኑን ጨምራችሁ ድስቱን ሳትከድኑ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ፣ ቅጠሉ የጠነከረ ከሆነ እስከ አሥር ደቂቃ ቀቅሉ። አለመክደን ያልነው በምክንያት ነው። ጎመን ሲፈላ የራሱን አሲድ በእንፋሎት ያወጣል፤ ክዳኑ ካፈነው አሲዱ ተመልሶ ቅጠሉ ላይ ይወርድና አረንጓዴውን ወደ ቡናማ ይለውጠዋል። ያ የደበዘዘ የሕመምተኛ ጎመን መልክ የሚመጣው ከዚህ ነው። ግማሽ ሰዓት መቀቀል ደግሞ ቫይታሚን ሲውን ያጠፋዋል፣ ሽታውንም ያከብደዋል። ጥቅል ጎመን ላይ ይህ ሽታ ይብሳል፤ ድኝ ያላቸው ንጥረ ነገሮቹ እሳት ላይ በቆዩ ቁጥር እየበረቱ ይሄዳሉ።

ውኃውን አጥልላችሁ አንድ ስኒ ያህል አስቀሩ። በሌላ ድስት ሁለት መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ያለ ዘይት አቁላሉ፤ ሲይዝ ያስቀራችሁትን ውኃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አሥር ደቂቃ ያህል። ከዚያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ቀጥሎም ስድስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የምታክል ዝንጅብል ተከትፈው ይግቡ። ነጭ ሽንኩርት ከአንድ ደቂቃ በላይ ዘይት ውስጥ ብቻውን ከቆየ ያርና ይመርራል፤ ሽታው እንደወጣ ጎመኑን ጨምሩ። በዝግታ እሳት አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። ቃሪያው ሊወጣ ሲል ይግባ። ሎሚ የምትወዱ ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ ጨምቁ፤ ቀድሞ ከገባ ያው አሲድ ነውና መልኩን ያበላሸዋል።

«ዘይቱስ?» የሚል ይኖራል። ሦስት ማንኪያ ለአምስት ሰው ሲካፈል ለአንዱ ከአንድ ማንኪያ በታች ነው። ደግሞም ያስፈልጋል፦ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው የጎመን ቀለም የሚዋሐደው ከስብ ጋር ነው። ዘይት ያልነካው ጎመን ጣዕሙም ያንሳል፣ ጥቅሙም ያንሳል። ሥጋ ካማራችሁም አንድ ኪሎ ጎመን ላይ ሩብ ኪሎ የጎድን ሥጋ ጨምሩበት፤ መረቁ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል።

ዘይት ከመጠን የሚያልፈው ወጥ ላይ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ አንድ የቡና ስኒ ሙሉ ደግሞ አምስት ማንኪያ ገደማ ይሆናል። ሰው ዘይት የሚያበዛው ብዙውን ጊዜ ሽንኩርቱ ሳይበስል ስለሚቸኩል ነው፤ ጥሬው ሽንኩርት ወጡን ስለማያወፍረው ዘይት እንዲሸፍንለት ይፈልጋል። ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ያለ ዘይት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ካቁላላችሁት ቀልጦ ራሱ ወጡን ያይዘዋል፤ ለአንድ ቤተሰብ ወጥ አራት ማንኪያ ዘይት ይበቃል። በርበሬውን ስትጨምሩ ውኃ አጠገባችሁ ይሁን፣ ዘይት ሲያንስ ቶሎ ያርራል። ቅቤ ለምትወዱ፦ ቁሌቱ ላይ ከምታበዙት አንዲት ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከመከለሻው ጋር መጨረሻ ላይ ጣል አድርጉ። ሽታው ሳይተን ስለሚቀር ትንሹ ብዙ መስሎ ይሰማል።

ጨውን በሚመለከት የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ያም አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው፣ ዳቦውም ወጡም ተደምሮ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2014 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው አገራዊ የአመጋገብ መመሪያም ምግብ ማፈራረቅንና ጨው፣ ስኳር፣ ዘይት መቀነስን ይመክራል። የሚዘነጋው ነገር በርበሬያችንና ምጥን ሽሯችን ሲሰናዱ ብዙ ጊዜ ጨው እንደሚገባባቸው ነው። ስለዚህ ሽሮ ሳይበስል ጨው አትጨምሩ፤ አብስሉ፣ ቅመሱ፣ ከዚያ ወስኑ። ደግሞ በአንድ ቀን አትቁረጡት። በአንድ ቀን የተቆረጠ ጨው ዞሮ በገበታ ላይ ይመጣል፣ አንዱ ተነሥቶ ዕቃውን ያመጣዋል። በየሁለት ሳምንቱ ሩብ ሩብ እያላችሁ ቀንሱ። ምላስ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ የድሮው መጠን ለራሳችሁ ጨው ይሆንባችኋል።

አዚፋ ለምን ከጾም ውጭ እንደሚረሳ አይገባንም። ቀዝቃዛ ነው፣ ያጠግባል፣ ከማታ ተሠርቶ ለነገ ምሳ ይያዛል። ሁለት ብርጭቆ ድፍን ምስር ለቅማችሁ በስድስት ብርጭቆ ውኃ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ቀቅሉ። ሎሚ አብሮ እንዳይገባ፤ አሲድ ምስሩን እንዳይበስል ይይዘዋል። ሲጫኑት የሚፈርጥ፣ ግን ቅርጹን ያልለቀቀ ሲሆን አውጡና ውኃውን በደንብ አጥሉ። ውኃ የሚቋጥር አዚፋ የሚባለው ሳይጠለል የተቀላቀለ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰናፍጩ ላይ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሰናፍጭ ዱቄት በሦስት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡና አሥር ደቂቃ ተዉት። አፍንጫ የሚወጋው ኃይሉ ደረቁ ዱቄት ውስጥ የለም፤ ውኃ ሲነካው በዱቄቱ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ይሠራዋል። የፈላ ውኃ ኢንዛይሙን ይገድለዋል፣ ሎሚ ቀድሞ ከገባም ያቆመዋል። ወዲያው ከቀመሳችሁትም የሚሰማችሁ ምሬት ብቻ ነው። አሥሩ ደቂቃ ካለፈ በኋላ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ ትንሽ ጨው፣ የደቀቀ ቀይ ሽንኩርትና ሁለት ቃሪያ ከምስሩ ጋር አዋሕዱ። ግማሹን ምስር በማንኪያ ጀርባ ደፍጠጥ አድርጉት። አንድ ሰዓት ይረፍ።

ሎሚና ቃሪያው ለጣዕም ብቻ አይደሉም። የምስርና የጎመን ብረት ለሰውነት በቀላሉ አይገኝም፤ ቫይታሚን ሲ እንዲዋሐድ ይረዳዋል። ቡናና ሻይ ደግሞ ያግዱታል። ቡና አትጠጡ አንልም፣ እንዲህ ያለ ምክር ሰሚ የለውም። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጠጡ። ሳህኑ ከተነሣ በኋላ ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ከሆነ የሚፈላው፣ አብዛኛው ሰዓት በራሱ ይሄዳል።

ስለ ተልባ አንድ ነገር፦ ፍሬው ሳይፈጭ ከተበላ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል። ለስለስ አድርጋችሁ ቁሉና ፍጩት፤ ቅባቱ ቶሎ ስለሚበላሽ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ፈጭታችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከድናችሁ አስቀምጡ። ቂንጬም ከተቆላ በኋላ ይቀቀል፣ ለአንድ ብርጭቆ ሁለት ብርጭቆ ውኃ። ፍራፍሬውን ደግሞ ብሉት እንጂ ስኳር ጨምራችሁ አትጭመቁት፤ ብዙው አሠር (ፋይበር) ማጥለያው ላይ ይቀራል።

ልጆች የምሬት ስሜታቸው ከእኛ ይበረታል፤ አንድን አዲስ ምግብ እስኪቀበሉ ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ጊዜ መቅረቡ ሊያስፈልግ ይችላል። አብዛኛው ወላጅ ሦስተኛው ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ከገበታው ዳር ጉርሻ የማትሞላ ጎመን አኑሩ፣ ካልበሉም ዝም በሉ። «ጎመንህን ከጨረስክ ከረሜላ እሰጥሃለሁ» የምትለዋ ቃል ግን ታበላሻለች፦ ልጁ ጎመን የሚታለፍ ቅጣት፣ ከረሜላ ደግሞ ካሣ እንደሆነ ይማርባታል።

አንድ ድስት ለሁሉም ስንል መጠኑም አንድ ይሁን ማለታችን አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ከዚያው ድስት ጎመንና ምስሩን አብዝቶ፣ ተጨማሪ ጥቅል እንጀራውን ይቀንስ። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የምትወስዱ ግን እንጀራውን በአንድ ጊዜ አትቀንሱ፤ መድኃኒቱ ስኳሩን ከመጠን በታች ሊያወርደው ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪማችሁን አነጋግሩ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የምትወስዱ የጎመኑ መጠን ከሳምንት ሳምንት ተመሳሳይ ይሁን፣ በድንገት መጨመርም መቀነስም መድኃኒቱን ያዛባል። የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ጎመንና ጥራጥሬ ፖታስየም ስላላቸው ልካችሁን ጠይቁ፤ «የጨው ምትክ» ተብሎ የሚሸጠውም ብዙውን ጊዜ ፖታስየም ነውና ሳትጠይቁ አትጠቀሙ።

ከአዳራሹ ኋላ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ድስት ጎመን ተቀምጧል። አንዱ ተከድኖ፣ ያለ ዘይት፣ ግማሽ ሰዓት የተቀቀለ ነው፤ ሌላው አሁን በነገርናችሁ መንገድ የተሠራ። ከአንድ ገበያ፣ ከአንድ ነዶ የመጣ ጎመን ነው። ከሁለቱም ቅመሱና ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። አዚፋውም አለ፤ ሰናፍጭ የማይስማማችሁ ግን እሱን ተዉት።