ጊታሩን የተጫወተው ማን ነው?

ሜሮን፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ዳዊት ነፍሱ የሆነውን ጉዳይ ይዞ መጥቷል። ሶል፣ ፈንክ፣ ሮክ የሚባሉትን የአሜሪካ የሙዚቃ ዓይነቶች። እስቲ ቀጥል ዳዊት።

ዳዊት፦ እሺ ሜሪ። ብዙ ሰው «አዲስ ሙዚቃ ከየት ነው የምታገኘው?» ይለኛል። እኔ አጃቢዎቹን ነው የምከተለው። አንድ ዘፈን ከወደድኩ ቤዝ ጊታሩን ማን ተጫወተው? ድራሙንስ? ብዬ ስሙን እፈልጋለሁ። ከዚያ ያ ሰው ሌላ የት እንደተጫወተ አያለሁ።

ሜሮን፦ በምሳሌ አሳየና።

ዳዊት፦ ዊልሰን ፒኬትን እንውሰድ። ድምፁ ሻካራ፣ እሳት የሆነ የሶል ዘፋኝ ነው። በ1968 መጨረሻ፣ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ አላባማ ውስጥ መስል ሾልስ ወደሚገኘው ፌም ስቱዲዮ ሄደ። እዚያ ዱዌን ኦልማን የሚባል ጸጉሩን ያስረዘመ ወጣት ነጭ ጊታሪስት ነበር። እዚያ የነበሩት እንደሚያወሩት ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ ሁለቱ ስቱዲዮ ቀሩ። በዚያን ጊዜ አላባማ፣ ጥቁር ዘፋኝና ጸጉረ ረጅም ነጭ አብረው ምግብ ቤት መግባት ቀላል አልነበረም። ኦልማን «ሄይ ጁድን እንሥራ» አለ። የቢትልስ ዘፈን ገና ትኩስ ነው። ፒኬት መጀመሪያ አልተዋጠለትም።

ሜሮን፦ ያንን ቅጂ እኮ አውቀዋለሁ። አጀማመሩ ረጋ ያለ ነው።

ዳዊት፦ መጨረሻውን ጠብቂ! ፒኬት መጮህ ይጀምራል፣ ትራምፔትና ሌሎቹ የትንፋሽ መሣሪያዎች ከኋላ ይገፋሉ፣ ኦልማን ጊታሩን ይለቀዋል። አንዱ ሲጮህ ሌላው ይመልስለታል። ሸክላው የሶል ነው፣ እዚያ ቦታ ላይ ግን የምትሰሚው ሮክ ነው። ታዋቂው የእንግሊዝ ሮክ ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን ይህንን ሲሰማ ስልክ አንስቶ «ይሄ ጊታሪስት ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። በ1970 ክላፕተንና ኦልማን «ሌይላ» አልበም ላይ አብረው ተጫወቱ።

ሜሮን፦ እሱም ያንተኑ ጥያቄ ጠየቀ ማለት ነው።

ዳዊት፦ አዎ! ገና አላለቀም። ኦልማን በ1969 ከወንድሙ ጋር ኦልማን ብራዘርስ ባንድ የሚባለውን የሮክ ባንድ አቋቋመ። ከሁለቱ ድራመሮች አንዱ ጄሞ ነው። ጄሞ ቀደም ሲል ማንን ነበር የሚያጅበው? የሶል ዘፋኙን ኦቲስ ሬዲንግን! አንዱን ስም ስትከተዪ ከሶል ተነስተሽ ሮክ ትደርሻለሽ፣ ከሮክ ደግሞ ተመልሰሽ ሶል።

ሜሮን፦ ፈንኩስ?

ዳዊት፦ በቤዝ ተጫዋቹ በቡትሲ ኮሊንስ ግቢ። በ1970 የፈንክ ዘፋኙ ጄምስ ብራውን ጋር ሲገባ 18 ዓመቱ ነበር። ከዚያ የፈንካዴሊክ ባንድ መሪ ጆርጅ ክሊንተን ጋር ሄደ። እሱን ተከትለሽ ፈንካዴሊክ ስትደርሺ፣ ቡትሲ ከመግባቱ በፊት የወጣውን የ1971ን «ማጎት ብሬን» ታገኛለሽ። የባንዱ ጊታሪስት ኤዲ ሄዝል እዚያ ላይ 10 ደቂቃ ያህል ጊታር ይጫወታል። ክሊንተን «እናትህ እንደሞተች ሆነህ ተጫወት» አለው ይባላል። በኋላ የሌሎቹን መሣሪያዎች ድምፅ ቀነሰና ጊታሩን ፊት አወጣው። እኔ ይህንን ሙዚቃ ሌላ ሥራ እየሠራሁ መስማት አልችልም። ቁጭ ብዬ ነው የምሰማው።

ሜሮን፦ እኔን የሚያንገበግበኝ የብዙዎቹ ስም አለመጻፉ ነው።

ዳዊት፦ ልክ ነሽ። ሞታውን የሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ በ1960ዎቹ ያወጣቸውን ሸክላዎች ገልብጠሽ ብታዪ የጄምስ ጀመርሰንን ስም አታገኚም። ቤዙን በአንድ ጣት ብቻ እየመታ የስንቱን ዘፈን ሸክም የተሸከመ ሰው! ስሙ የወጣው በ1971፣ በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» አልበም ላይ ነው። ይሄ ትልቅ በደል ነው።

ሜሮን፦ እኛስ? አለማየሁ እሸቴን የማያውቅ የለም። ዘፈኖቹን ያቀናበረውን ግርማ በየነን ግን ስንቱ ያውቀዋል?

ዳዊት፦ ግርማ እኮ ራሱም ይዘፍናል፣ ፒያኖም ይጫወታል። በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃው ራቀ። በ2017 ግን አዲስ አልበም ይዞ ተመለሰ።

ሜሮን፦ ታዲያ ከየት እንጀምር?

ዳዊት፦ ከዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» አልበም። የ1977 ነው። ኦርጋኑ ኃይሉ መርጊያ፣ ፒያኖው ግርማ በየነ፣ ቫይብራፎኑ ሙላቱ አስታጥቄ። ከሦስቱ አንዱን ያዙና ተከተሉት።

ሜሮን፦ እኔ ግርማን ይዣለሁ።