ቁልፉ በማን እጅ ነው? የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራችን ሰብሳቢ በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ያደረጉት የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። የመረቁንን አባቶች ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ክንውኑን በአጭሩ ልበል። ማዳበሪያው ክረምቱ ሳይጠነክር ደርሷል፤ የመጋዘኑ ጣሪያ ተጠግኗል፤ አዳዲስ አባላት ዕጣ፣ ማለትም የማኅበሩን ድርሻ፣ ገዝተዋል። የደከማችሁበት ሁሉ ክብር ይገባችኋል፤ ዝርዝሩን ሒሳብ ሹማችን ያቀርቡታል። እኔ የማነሣው ዓመቱን ሙሉ ያጨቃጨቀንን ነው፦ በቆጠራ የጎደለውን በቆሎ።

በየስብሰባው የምንሰማው መልስ «ደርቆ ነው» የሚል ነበር። እህል ሲደርቅ ይቀንሳል፤ ቡሬና ወንበርማ በቆሎ አምርቶ ይህን የማያውቅ የለም። ግን ልክ አለው። 400 ኩንታል በ15 በመቶ እርጥበት ቢገባ ውኃ የሌለው ክፍሉ 340 ኩንታል ነው። በ13 በመቶ ሲወጣ ይህ ክፍል የክብደቱ 87 በመቶ ስለሚሆን፣ 340 ለ0.87 ተካፍሎ፣ 390.8 ኩንታል ይመዝናል። ድርቀት የወሰደው 9 ኩንታል ከ20 ኪሎ ብቻ ነው። ሚዛኑ በአንድ ጆንያ ግማሽ ኪሎ ቢያዛባ ደግሞ በ400 ጆንያ 2 ኩንታል ይሆናል። የቀረው ነቀዝ ነው ወይም የሰው እጅ ነው። እርጥበቱ ሲገባም ሲወጣም ተለክቶ ደረሰኙ ላይ ካልሰፈረ፣ ሚዛኑም በታወቀ ክብደት ካልተፈተሸ፣ መጋዘን ያዡን መክሰስም ነጻ ማውጣትም አንችልም። ዓመቱን ሙሉ ሰው ስናማ የከረምነው ወረቀቱ ስላልነበረን ነው። ያሳዝነኛል።

የመጋዘኑ ቁልፍ በሦስት ሰው እጅ ሲዞር ከረመ። ሦስት ሰው የያዘውን ቁልፍ ማንም አልያዘውም። ያዡ አንድ ይሁን፤ ለለቅሶም ሆነ ለሕክምና ሲሄድ ተረካቢው ባለበት ጆንያው ይቆጠር፣ ሁለቱም ይፈርሙ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ይፍጅ።

ሌላው ቃለ ጉባኤያችን ነው። ገልጣችሁ እዩት፦ «ይጣራ»፣ «ይጠገን»፣ «ክትትል ይደረግ»። ማን ያጣራ? እስከ መቼ? በሚቀጥለው ስብሰባ ያው ነገር እንደ አዲስ ይነሣል። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ውሳኔ የአንድ ሰው ስም፣ ቀንና የሚታይ ውጤት ይኑረው፤ «ኮሚቴው» የሚል ስም አይጻፍ። የሚቀጥለው ስብሰባም በአዲስ አጀንዳ ሳይሆን ያለፈውን ውሳኔ ስም እየጠሩ በመጠየቅ ይጀመር።

ቁጥጥር ኮሚቴን በተመለከተ፣ ሥራው በወር አንድ ጊዜ ሦስት ቁጥሮችን ማስተያየት ነው፦ ገቢና ወጪው መጋዘን ውስጥ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ፣ ሒሳብ ሹሙ ለብቻው የሚመዘግብበትን ስቶክ ካርድ፣ በእጅ የተቆጠረውን ጆንያ። ካልገጠሙ በዚያው ቀን ይጻፍ። ወር ያለፈው ልዩነት ከየት እንደመጣ ማግኘት ከባድ ነው፤ ዓመት ያለፈው ደግሞ ጠብ ብቻ ይሆናል። ዛሬ እዚህ ያልመጣችሁ የኮሚቴው አባላት፣ ጎረቤቶቻችሁ ይህን ያድርሱላችሁ፦ የመረጥናችሁ ስለምናምናችሁ ነው። ጊዜ ከሌላችሁ በክብር ልቀቁ፤ አንቀየምም። ስማችሁ ወንበሩን ይዞ እናንተ ስትጠፉ ግን ማኅበሩን ጠባቂ ታሳጡታላችሁ።

ያሰረን ይሉኝታ እንደሆነ አውቃለሁ። አበልጅን፣ አማችን «ደረሰኙ የት አለ?» ማለት ይከብዳል። ግን አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በሁሉም ላይ፣ ከእኔ ጀምሮ፣ በተወሰነ ቀን ይሁን፤ ያኔ ማንም ተጠረጠርሁ አይልም። ስሕተቱን በማግስቱ ያስታወቀ ሰው እንዲያርም ይታገዝ፤ የደበቀ ግን ይጠየቅ። ሁለቱን እኩል ከቀጣን ሁሉም መደበቅን ይመርጣል።

በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የማኅበሩ የበላይ አካል ይህ ጉባኤ ነው። የርክክብና የወርኃዊ ቆጠራ ደንቡ ረቂቅ በእጃችሁ አለ። ከምሳ በፊት አንቀጽ በአንቀጽ ተነብቦ ድምፅ ይሰጥበታል፤ እስከዚያ ማንም እንዳይወጣ እለምናለሁ። ጉባኤው ተከፍቷል።