ቁልፉ የታለ?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ከባሕር ዳር የመጣሁት ሳተላይት ላይ ስላለው ኮምፒውተር እንዳወራ ተጠርቼ ነው። አወራለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ቁልፍ።

አብረውኝ የተማሩ እዚህ አሉ፤ ያስታውሳሉ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ለዚህ ትምህርት ቤት ስምንት ኮምፒውተሮች መጡ። እልል ተባለ። ከዚያ ጨርቅ ለበሱ፣ ተቆለፈባቸው። ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር። ስንጠይቅ "ታበላሹታላችሁ" እንባላለን። ንዋየ ቅድሳት ይመስል በመስኮት ነበር የምናያቸው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሰን ስንወጣም ጨርቁ አልተነሳም። ከዓመታት በኋላ ስመጣ "አርጅተዋል" ተብለው ዕቃ ግምጃ ቤት ተከምረው አገኘኋቸው። ማን ነክቷቸው ነው ያረጁት?

ይቺ "አርጅቷል" የምትባል ቃል ታናድደኛለች። የአሜሪካው የጠፈር ተቋም የናሳ መንኮራኩር ቮያጀር 1 የተወነጨፈችው ነሐሴ 30 ቀን 1969 ነው። የኮምፒውተሮቿ ማህደረ ትውስታ ሁሉ ተደምሮ 70 ኪሎባይት ገደማ ነው። በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ይበልጠዋል። ኅዳር 2016 ላይ ትርጉም የሌለው ነገር መላክ ጀመረች። አንድ ቺፕ ሞቶባት ነበር። የናሳ መሐንዲሶች ምን አደረጉ? ቺፑ ላይ የነበረውን ፕሮግራም ቆራረጡት፤ ክፍት ቦታ እየፈለጉ ሌላው ማህደረ ትውስታ ውስጥ ሸጎጡት። ያውም ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት! ትእዛዙ እስኪደርስ 22 ሰዓት ተኩል፣ መልሱ እስኪመጣ ሌላ 22 ሰዓት ተኩል። ሚያዝያ ላይ መልሳ ተናገረች። እነሱ የ46 ዓመት ኮምፒውተር ከዚያ ድረስ ጠገኑ። እኛ እስከ ግምጃ ቤቱ አርባ እርምጃ መሄድ አቃተን!

እሺ፣ ወደ ተጠራሁበት። ጮቄ ላይ ከብት የጠበቃችሁ ቶሎ ይገባችኋል። የሳተላይት ኮምፒውተር ሩቅ የተላከ እረኛ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና የተወነጨፈችው የእኛዋ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ምድርን አንዴ ለመዞር መቶ ደቂቃ ገደማ ይበቃት ነበር። እንጦጦ ላይ ላለው የመቆጣጠሪያ ጣቢያ የምትታየው ግን ባለፈች ቁጥር ለጥቂት ደቂቃ ነበር። ሌላውን ጊዜ ማን ያዛት ነበር? ኮምፒውተሯ ነዋ። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር የባትሪውን ጉልበት ያያል፣ ሙቀት ይለካል፣ የተነሳውን ምስል ያስቀምጣል፣ ጣቢያው ሲታይ ያወርዳል። የከፋ ነገር ሲገጥመው ካሜራውን ያጠፋል፣ የፀሐይ ሰሌዳውን ወደ ፀሐይ ያዞርና እርዳታ ይጠብቃል። ሴፍ ሞድ ይሉታል። ጅብ የመጣበት እረኛም ግጦሽ አያማርጥም፤ ከብቱን ሰብስቦ ይጣራል።

ራሱ ኮምፒውተሩ ቢፈዝስ? ዋችዶግ የሚባል ሰዓት ቆጣሪ አለ። በየጊዜው "አለሁ" ካልተባለ አጥፍቶ ያስነሳዋል። የጠፈር ጨረር ደግሞ ማህደረ ትውስታው ውስጥ ያለችን 0 ገልብጦ 1 ሊያደርጋት ይችላል። ለዚህ አንዳንድ ሳተላይቶች አንዱን ስሌት በሦስት ቦታ ያሠሩታል፤ ሁለቱ የተስማሙበት ይጸናል። የእኛው ሽምግልና በሉት።

ሌላም ብዙ ጽፌ ነበር፤ ሰዓቱ ሄደ። ዛሬ ሪባን የምንቆርጥላቸው አዳዲስ ኮምፒውተሮች ጨርቅ ለብሰው አይቻቸዋለሁ። ርዕሰ መምህራችን ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቁልፉ የታለ? ለሳይንስ ክበቡ ልጆች እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እያየ ያስረክቡልኝ። የግምጃ ቤቱንም ቁልፍ እፈልጋለሁ። ካቻቢቴ ይዤ ነው የመጣሁት።